ያጠራጠረ የቆዳ ነጥብ ምርመራ፦ የትኛው አገልግሎት ይታመናል?

ማርያም የሳመችው የምንለው ጥቁር ነጥብ መልኩን ሲለውጥ፣ እናይልዎታለን የሚሉ አገልግሎቶች ብዙ ናቸው። ፎቶ አይቶ በሴኮንዶች ውስጥ የሚፈርድ የስልክ መተግበሪያ አለ፤ በአንድ ቀጠሮ እናጠፋዋለን የሚል የሌዘር ቤት አለ፤ ጠቅላላ ሐኪም አለ፤ የቆዳ ስፔሻሊስትም አለ። እኛ ሁሉንም የምንመዝናቸው በሁለት ጥያቄ ነው። ነጥቡ በደርሞስኮፕ፣ ማለትም ቆዳን አጉልቶ በሚያሳይ የእጅ መሣሪያ፣ ታይቷል ወይ? ከተቆረጠስ፣ የተቆረጠው በሙሉ ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ሥጋን በማይክሮስኮፕ ወደሚመረምረው ላቦራቶሪ፣ ተልኳል ወይ? ለሁለቱም አዎ የሚል ቦታ ወንበሩ ቢያረጅ፣ ወረፋውም ቢረዝም ጥሩ አገልግሎት ነው። አንዱን የዘለለ ግን መስተንግዶው የቱንም ያህል ቢያምር አንመክረውም።

ይህን ያህል ማጥበቃችን ምክንያት አለው። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሲጀምር ከቆዳው የላይኛው ሽፋን አይወርድም፤ በዚያ ደረጃ ቆርጦ ማውጣት ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ይፈውሳል። ወደ ታች ሲወርድ ግን የደም ሥርና የሊምፍ ቧንቧ ያገኛል፤ ከዚያም ወደ ንፍፊት፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበትና ወደ አንጎል ሊዛመት ይችላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ጥልቀት ከ1 ሚሊሜትር ላይበልጥ ይችላል። ለምርመራ ከሚቀርቡት ነጥቦች አብዛኞቹ ምንም ጉዳት የሌላቸው ሆነው መገኘታቸው እውነት ነው። የምርመራው ዋጋም ካንሰር የሆኑትን ጥቂቶቹን ገና ስስ ሳሉ ለይቶ ማውጣቱ ላይ ነው።

ከቀጠሮው በፊት

ዝግጅቱ ቀላል ነው፤ ግን ብዙ ሰው ሳያስብበት ይሄዳል። የእጅም የእግርም ጥፍር ቀለም ይልቀቅ፤ ፊት ላይ ሜካፕ አይኑር። ፀጉር የተሠራ ከሆነ የራስ ቆዳ እንዲታይ ቢፈታ ይመረጣል። የሚወስዱትን መድኃኒት፣ በተለይ ደም ማቅጠኛ ከሆነ፣ ጽፈው ይያዙ፤ ሐኪሙ ሳያዝ ግን በራስዎ አያቋርጡ፤ በትንሽ ቀዶ ሕክምና የሚፈሰው ደም ተጭኖ የሚቆም ሲሆን፣ መድኃኒቱን ማቋረጥ የሚያመጣው የደም መርጋት ግን ከዚያ የከፋ ሊሆን ይችላል። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ከተተከለልዎ፣ ለማደንዘዣ ወይም ለፕላስተር አለርጂ ካለብዎ፣ ቁስልዎ እየወፈረ ኬሎይድ የሚያወጣ ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ደም ለማቆም የሚጠቀሙበት የኤሌክትሪክ ማቃጠያ ከልብ መሣሪያው ጋር ላይስማማ ይችላል፤ ደረትና ትከሻ ላይ ደግሞ ኬሎይድ በብዛት ይወጣል።

ነጥቡን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ፎቶ ያንሱት፤ አንዱ ከሩቅ ቦታውን የሚያሳይ፣ ሌላው ከቅርብ ማስመሪያ አጠገቡ ተደርጎ። የቆየ ፎቶ ላይ ያ የሰውነት ክፍል ከታየ እሱንም ይዘው ይሂዱ። ተለውጧል የሚለውን ቃል ሐኪሙ በዓይኑ ሲያየው ውሳኔው ይፈጥናል።

ምርመራው ራሱ

ጥሩ ሐኪም መጀመሪያ ይጠይቃል። ከመቼ ጀምሮ ነው? በሳምንታት ነው ወይስ በዓመታት የተለወጠው? ያሳክካል ወይ? ሳይነካ ይደማል ወይ? ከቤተሰብ ሜላኖማ የታመመ አለ ወይ? በልጅነት ፀሐይ ቆዳዎን አቃጥሎ አረፋ አውጥቶ ያውቃል ወይ? የሰውነት መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ? ከዚያ ልብስ ይወልቃል። ይህ ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ያሳሰበኝ ክንዴ ላይ ያለው ብቻ ነው ይላል። ነገር ግን ሰውየው ያላየው ሌላ ነጥብ ጀርባው ላይ ሊኖር ይችላል፤ ደግሞም አንድ ነጥብ ያጠራጠረ የሚሆነው ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ነው። የአንድ ሰው ነጥቦች በመልክ ይወራረሳሉ፤ ከመካከላቸው ዘመድ ያልመሰለው ነው የመጀመሪያው ተጠርጣሪ። ስለዚህ የራስ ቆዳ፣ ከጆሮ ኋላ፣ ብብት፣ መቀመጫ፣ በእግር ጣቶች መካከል፣ መዳፍ፣ ውስጥ እግር፣ ጥፍር፣ የአፍ ውስጥ ይታያል። ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ እንዲኖር ወይም ተመሳሳይ ፆታ ያለው ባለሙያ እንዲመረምርዎ መጠየቅ መብት ነው፤ ጥሩ ቦታ ሳይጠየቅ ራሱ ያቀርባል። አንዱን ነጥብ ብቻ አይቶ በሁለት ደቂቃ ያሰናበተ ምርመራ ግማሽ ምርመራ ነው።

በዓይን ሲታይ የሚሠራባቸው መመዘኛዎች አምስት ናቸው፦ ሁለቱ ግማሾች አለመመሳሰል፣ የጠርዝ መወላገድ፣ የቀለም መዘበራረቅ፣ ከ6 ሚሊሜትር በላይ መስፋትና መለወጥ። አራቱ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጡ ሲሆን፣ አምስተኛው፣ መለወጥ፣ በ2004 ተጨመረ። ዘግይቶ ቢጨመርም ከሁሉም አብልጠን የምናምነው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ሌሎቹ አራቱ የሚስቱበት የታወቀ ቦታ አለ። ከቆዳው በላይ እብጥ ብሎ የሚያድገው የሜላኖማ ዓይነት ክብ፣ ጠርዙ የተስተካከለ፣ አንድ ቀለም ብቻ ያለው፣ አንዳንዴም ጥቁር ሳይሆን ሮዝ ወይም ቀይ ሆኖ ይመጣል። ቡግንጅ ወይም የማይድን ትንሽ ቁስል መስሎ ያታልላል። እብጥ ያለ፣ ሲነኩት ጠጠር ያለና ለሳምንታት ያለማቋረጥ ያደገ ነገር ካለ፣ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን፣ እንጠብቀው ሊባል አይገባም። 6 ሚሊሜትር የሚለውም ማለፊያ ነጥብ አይደለም፤ በ4 ሚሊሜትር ሳለ የሚገኝ ሜላኖማ አለ። ደግሞም አብዛኞቹ ሜላኖማዎች የሚነሡት ቀድሞ ከነበረ ነጥብ ሳይሆን ምንም ካልነበረበት ቆዳ ነው፤ በተለይ ከ40 ዓመት በኋላ አዲስ የወጣ ነጥብ መታየት አለበት።

ጥቁር ወይም ጠይም ቆዳ ላላቸው ሰዎች የምንለው ለብቻው ነው፤ ብዙዎቹ ጽሑፎች የሚያሳዩት ፈዛዛ ቆዳ ላይ ያለ ነጥብ ነውና። ጥቁር ቆዳ ላይ ሜላኖማ ብዙም አይከሰትም፤ ሲከሰት ግን በብዛት የሚመርጠው ፀሐይ የማያገኘውን ቦታ ነው፦ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ የጥፍር ሥር። እዚያ ደግሞ ሰው አያየውም፤ ቢያየውም ጫማ የመታው፣ እሾህ የወጋው ወይም ፈንገስ ይመስለዋል። በዚህ ምክንያት ወፍሮ ነው የሚገኘው። እግርን ሳያዩ የተጠናቀቀ ምርመራ ለዚህ አንባቢ ዋጋ የለውም ብንል አናጋንንም። ካልሲው ይውለቅ።

የጥፍር ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠይም ሰዎች በብዙ ጥፍሮች ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የሚሄድ ቡናማ መስመር ይኖራቸዋል፤ ይህ በአብዛኛው ጤነኛ ነው። የሚያሳስበው በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ፣ በጉልምስና ዕድሜ አዲስ የወጣ፣ ከ3 ሚሊሜትር የሚሰፋ ወይም ከሥሩ በኩል እየሰፋ የሚመጣ፣ ጥቁረቱም ከጥፍሩ አልፎ በዙሪያው ወዳለው ቆዳ የተሻገረ መስመር ነው። ናሙናው የሚወሰደው ጥፍሩ ከሚበቅልበት ሥር ነው። የጥፍሩን ጫፍ ቆርጦ ብቻ መላክ ፈንገስን ወይም የረጋ ደምን ሊያሳይ ይችላል፤ ሜላኖማን ግን የለም አያሰኝም። የሥሩ ናሙና ጥፍሩን ለዘለቄታው ሊሰነጥቀው ስለሚችል፣ ይህን ሥራ የለመደ ሐኪም ይፈልጉ።

ደርሞስኮፕ

መሣሪያው በእጅ የሚያዝ፣ ብርሃን ያለው፣ ብዙውን ጊዜ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ነው። አንዳንዱ ጄል ወይም አልኮል ተቀብቶ ቆዳ ላይ ያርፋል፤ ሌላው ልዩ ብርሃን ስላለው ሳይነካ ያያል። ሁለቱም የሚያደርጉት አንድ ነው፦ ከቆዳው ላይ የሚመለሰውን ነጸብራቅ አስቀርተው ከሥሩ ያለውን የቀለም አደራደር ያሳያሉ። አያምም፤ ለአንድ ነጥብ ከአንድ ደቂቃ በታች ይበቃል። ጥቅሙ በሁለት በኩል ነው፤ በዓይን የሚያልፈውን ሜላኖማ ይይዛል፤ በዓይን የሚያስፈራውን ግን ጤነኛ የሆነውን ነጥብ ደግሞ ከመቆረጥ ያድናል።

የውስጥ እግር ምሳሌ ይህን በደንብ ያሳያል። የመዳፍና የውስጥ እግር ቆዳ እንደ ታረሰ ማሳ ትልምና ጀርባ (በትልሞቹ መካከል ከፍ ያለው መስመር) አለው። ጤነኛ ነጥብ ላይ ቀለሙ በትልሙ ውስጥ ቀጭን መስመር ሠርቶ ይታያል፤ ሜላኖማ ላይ ግን ቀለሙ በጀርባው ላይ ሰፋ ብሎ ይተኛል። በባዶ ዓይን ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥቁር ነጥብ ናቸው። አንድ አሳሳች ነገር አለ፤ በጫማ ግፊት ከቆዳ ሥር የረጋ ደምም ጀርባው ላይ ሊተኛ ይችላል። ሐኪሙ የላይኛውን ደረቅ ቆዳ በምላጭ በስሱ ሲፍቀው ደም ከሆነ አብሮ ይነሣል።

መሣሪያው ያለ ሥልጠና ከመነጽር አይበልጥም። በደርሞስኮፕ ሠልጥነዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ምስሉን በፋይል የሚያስቀምጥ ቦታ ካገኙ የበለጠ ነው፤ ውሳኔው እንጠብቀው ከሆነ ማነጻጸሪያው ያ ምስል ነውና። ጠፍጣፋና በመጠኑ ብቻ ያጠራጠረ ነጥብ 3 ወር ያህል ቆይቶ እንደገና ቢታይ ተቀባይነት አለው። እብጥ ያለ ነገር ግን በቀጠሮ አይቆይም፤ በ3 ወር ከ1 ሚሊሜትር በላይ ሊወርድ ይችላል። ያለ ምስል፣ ያለ ቀን፣ ለውጥ ካዩ ይመለሱ ብቻ ተብለው ከተሸኙ ክትትል ተደርጎልኛል አይበሉ።

ናሙና ሲወሰድ

አገልግሎቶች በግልጽ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሜላኖማ ለተጠረጠረበት ነጥብ የሚመረጠው ሙሉውን፣ በዙሪያው 2 ሚሊሜትር ያህል ጤነኛ ቆዳ ጨምሮ፣ እስከ ቆዳ ሥር ስብ ድረስ ማውጣት ነው። ሰው ሁልጊዜ የሚደነግጠው በስፌቱ ርዝመት ነው፤ ሒሳቡ እንዲህ ነው። 6 ሚሊሜትር የሆነ ነጥብ ከግራና ከቀኝ 2፣ 2 ሲጨመርበት 10 ሚሊሜትር ስፋት ይሆናል። ጠርዙ ሳይጨማደድ እንዲገጥም ቁስሉ እንደ ዓይን ቅርጽ ይቆረጣል፤ ርዝመቱም የስፋቱ 3 እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ ጠባሳው ወደ 3 ሴንቲሜትር ይደርሳል። እጅና እግር ላይ በርዝመቱ አቅጣጫ ይቆረጣል፤ በኋላ ሰፋ ያለ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ እንዲመች ነው። አንዴ አስፍቶ ቆርጦ ለምን አይጨርሰውም የሚል ጥያቄ ይነሣል። የሚፈለገው ስፋት በጥልቀቱ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ጥልቀቱ ደግሞ ሳይለካ አይታወቅም። አስቀድሞ ብዙ ቆዳ ማንሣት የሊምፍ መፍሰሻውን ስለሚያዛባ፣ በኋላ ትክክለኛውን ንፍፊት ለይቶ መመርመርን ያበላሻል።

ማደንዘዣው ሊዶካይን ነው፤ ደም እንዲቀንስ አብዛኛውን ጊዜ አድሬናሊን ይቀላቀልበታል። የሚያቃጥለው መድኃኒቱ አሲዳማ ስለሆነ ነው፤ 8.4 በመቶ የሆነ ሶዲየም ባይካርቦኔት 1 እጅ ለ9 ወይም ለ10 እጅ ሊዶካይን ሲጨመርና በቀጭን መርፌ ቀስ ተብሎ ሲሰጥ በጣም ይቀላል። አድሬናሊኑ በደንብ እስኪሠራ 10 ደቂቃ ያህል የሚጠብቅ ሐኪም የደም መፍሰሱን ያቀለዋል። ልብዎ ለአፍታ በፍጥነት ቢመታ አይደንግጡ። ከዚያ በኋላ መጎተትና መገፋት ይሰማዎታል፤ ሕመም ከተሰማዎ ግን ይናገሩ፣ ይጨመርልዎታል።

ሌሎቹ መንገዶች ቦታ ቦታ አላቸው። በክብ መብሻ ትንሽ ናሙና መውሰድ ነጥቡ ሰፊ ሲሆን ወይም ፊትና ውስጥ እግር ላይ ሲሆን ያስፈልጋል፤ ችግሩ ካንሰሩ ከተበሳው ጎን ሊሆን መቻሉ ነው። እንዲህ ተወስዶ ደህና ነው የሚል ውጤት ሲመጣ መልኩ አሁንም የሚያሳስብ ከሆነ የቀረው መውጣት አለበት። በምላጭ ከላይ በስሱ መላጨትን ግን ለተጠረጠረ ነጥብ አንደግፍም። ሥሩ እዚያው ይቀራል፤ ፓቶሎጂስቱም ጥልቀቱን መለካት አይችልም፤ ያ ልኬት አንዴ ከጠፋ ተመልሶ አይገኝም። የለመደ እጅ ጠፍጣፋ ነጥብን ከሥሩ ጎድጓዳ አድርጎ በሙሉ ቢያነሣው ጉዳዩ ሌላ ነው።

ከክፍሉ ከመውጣትዎ በፊት ዕቃውን ይዩት። ሥጋው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ፣ ቢያንስ ከራሱ መጠን 10 እጥፍ በሆነ ፈሳሽ መጥለቅ አለበት፤ ካነሰ ፎርማሊኑ መሐሉን ሳይደርስበት ይበሰብሳል። ስምዎና የተወሰደበት ቦታ የሚጻፈው በክዳኑ ላይ ሳይሆን በዕቃው አካል ላይ ነው፤ ክዳን ይቀያየራላ። ሁለት ነጥብ ከወጣ ሁለት ዕቃ ነው። መላኪያ ወረቀቱ ላይ ቦታው፣ ቀኝ ወይስ ግራ፣ መጠኑ፣ ለውጡና የተጠረጠረው ነገር መጻፍ አለበት። የቆዳ ቁራጭ ብቻ ተብሎ የተላከ ናሙና ፓቶሎጂስቱን በጨለማ ያሠራዋል። ዋጋ ሲጠይቁም የላቦራቶሪው ይጨመራል ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ለብቻው ነው የሚከፈለው፤ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል የሚቀረውም እሱ ነው።

ቁስሉን ለመጀመሪያው ቀን ሳያርሱት ያቆዩ፤ ከዚያ በውኃና በሳሙና በቀስታ አጥበው ቫዝሊን ቀብተው ይሸፍኑት። አንቲባዮቲክ ቅባት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ከደማ በንጹሕ ጎዝ ሳይገልጡ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይጫኑት፤ በየደቂቃው እየገለጡ ማየት ነው ደሙን የሚያስቀጥለው። ክሩ ከፊት በ5 እስከ 7 ቀን፣ ከደረትና ከጀርባ በ10 እስከ 14 ቀን ይወጣል፤ ከእግር ሁለት ሳምንት፣ ከውስጥ እግር አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ቶሎ ከወጣ ቁስሉ ይከፈታል።

ውጤቱ

ናሙናው በፎርማሊን ይጠነክራል፣ በሰም ይታሸጋል፣ በማይክሮን በሚለካ ውፍረት ተቆርጦ ይቀለማል። ውጤቱ ብዙውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይደርሳል። ተጨማሪ ማቅለሚያ ከታዘዘ ይዘገያል፤ መዘግየቱ ብቻውን ክፉ ምልክት አይደለም። ነገር ግን ካልደወልንልዎ ደህና ነው ማለት ነው የሚል ቦታ አገልግሎቱ ጎድሏል። ወረቀት ይጠፋል፤ ስልክ ይሳሳታል። የውጤት ቀን ተቆርጦ ይሰጥዎ፤ ሪፖርቱም በእጅዎ ይግባ።

ሜላኖማ ከሆነ ሪፖርቱ ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው የብሬስሎ ጥልቀት ነው፤ አሌክሳንደር ብሬስሎ እ.ኤ.አ. በ1970 ያስተዋወቀው፣ በሚሊሜትር የሚጻፍ ልኬት። ቀጥሎ የላይኛው ቆዳ መቁሰል አለመቁሰሉ፣ የሕዋሶች መከፋፈል ፍጥነትና ጠርዙ ከካንሰር ነጻ መሆኑ ይታያል። ከላይኛው ሽፋን ያልወረደ ከሆነ ከ0.5 እስከ 1 ሴንቲሜትር ዙሪያ ጨምሮ እንደገና ይቆረጣል፤ እስከ 1 ሚሊሜትር የወረደ 1 ሴንቲሜትር፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የወረደ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር፣ ከ2 በላይ የወረደ 2 ሴንቲሜትር ይፈልጋል። ጥልቀቱ ከ0.8 ሚሊሜትር ሲጀምር ወይም ቁስለት ሲኖር ካንሰሩ መጀመሪያ ሊደርስበት የሚችለውን ንፍፊት የመመርመር ጉዳይ ይነሣል። ጥልቀቱ ያልተጻፈበት የሜላኖማ ሪፖርት ከደረሰዎ ለምን ብለው ይጠይቁ።

መተግበሪያና ሌዘር

የስልክ መተግበሪያን ለማስታወሻ፣ ፎቶን ከቀን ጋር ለማስቀመጥ እንቀበለዋለን። ለፍርድ አንቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ ግምገማ ሜላኖማን ሁሉ ይይዛሉ ተብለው ሊታመኑ እንደማይችሉ ደምድሟል። አደገኛው ነገር ደህና ነው የሚል መልስ ሰጥተው ሰውን ከቤቱ ማስቀረታቸው ነው። ፎቶን ለሐኪም መላክ ይለያል፤ በደርሞስኮፕ የተነሣ ምስል ሲሆን ጠቃሚ ነው፤ ያልተላከውን የሰውነት ክፍል ግን ሐኪሙ አያይም።

ላጠራጠረ ነጥብ ሌዘር፣ በናይትሮጅን ማቀዝቀዝ፣ በአሲድ ማቃጠል፣ በክር ማሰር፤ ሁሉንም በአንድ ቃል አይሆንም እንላለን። ላዩ ይጠፋል፤ ለፓቶሎጂ የሚላክ ነገር አይተርፍም፤ ሥሩ ቀርቶ ከሆነ ደግሞ ከጠባሳው ሥር ተሸፍኖ ያድጋል። ቀድሞ እንዲህ ያስነሡት ነጥብ ካለ፣ ጠባሳው ላይ ጥቁረት ከተመለሰ ወይም ከጠነከረ ሐኪሙ ታሪኩን ይወቅ።

በአንድ ውጤት ያልረካ ሰው እንደገና መቆረጥ ግድ አይሆንበትም። በሰም የታሸገው ናሙና ላቦራቶሪው ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ለማይክሮስኮፕ የተቆረጠው ናሙና የተለጠፈበትን መስተዋት ወይም ሰሙን አስወጥቶ የቆዳ ፓቶሎጂ የተማረ ሌላ ባለሙያ እንዲያነብበው ማድረግ ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሪፖርቱ ላይ ያለው የናሙና ቁጥር ነው።